አሥራ አራት ክንድ

አባቴ ሠላሳ ዓመት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ኖሮ፣
ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው የደነቆረ ጆሮ፣
አንድ የግድግዳ ሰዓት፣
ደግሞም አሥራ አራት ክንድ አቡጀዲ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ በሥርዓት።
«መግነዜ ነው» አለ፤ ከአልጋው ሥር፣ ከሳጥን አኖረው፣
ብል ገባ አልገባ እያለ በየጥቅምቱ መረመረው።
የሳጥኑን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንድ ላይ አሰረው፤
መስቀልና ቁልፍ ደረቱ ላይ ሲንኳኩ እሱ ባይሰማቸው
እኔ ከጓዳ ሆኜ መምጣቱን አውቅ ነበር።

እኔ ቆጣሪ ነኝ። ደረቅ ወደብ እውላለሁ፣
ኮንቴነር በኮንቴነር ላይ ተደርድሮ፣ ሥር ሥሩን እሄዳለሁ፣
ገቢ፣ ወጪ፣ ጉድለት፤ ተረካቢ ካልፈረመ ሚስማር ከበር አታልፍም፤
ማታ ቤት ስገባም ጓዳዬን ሳልቆጥር አላርፍም።
ጤፉ ጎድሏል፤ ጋቢ ጠፍቷል፤ ድስቱ ያለክዳን ቀርቷል።
አባቴ ሰጥቷል።

አባ መንክር በዓውደ ምሕረት «ምጽዋት በስውር ይሁን» ሲሉ
ሰዎች አባቴን ሰረቅ አርገው ያዩና በነጠላቸው ሥር ይስቃሉ።
«እንካ! ለማንም አትንገር!» ብሎ ሹክ ሲል በጆሮ
ከቦርከና ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፣ ይስቃል አብሮ።

ሐምሌ ነበር። ከሐረጎ ቁልቁል የወረደው ጉም ከተማውን ውጦታል፤
ትምህርት ቤቱ ከቀያቸው በወጡ ሰዎች ሞልቷል።
ሌሊት በራችን ተንኳኳ፤ ሩቅያ አዋላጇ ናት፣
የአንድ እግሯን ጫማ ጭቃ ቀምቷት፣
«ጨርቅ! ጋሽ አበጋዝ፣ ንጹሕ ጨርቅ!»
አልሰማትም።
ሁለት ጣት አነሳችለት።

«መንታ?» አለ። መንደሩ ነቃ።

«አንሶላ አለ» አልኩ ቀድሜ፣ «አሮጌ ቢሆንም ታጥቧል፣
የኔም ነጠላ አለ፤ ጫፉ ትንሽ ተተልትሏል…»
አፌን እያየ አነበበኝ። ትንሽ ቆየ።
«አዲስ ሰው በአሮጌ ጨርቅ?»
አለና ቁልፉን ከአንገቱ ሳበ።

ጫፉን በጥርሱ ነከስ አድርጎ ቀደደው፤ መቀስ አልፈለገም፣
የሸማኔ እጅ ነውና ክሩ አልተንጋደደም፣
ቀጥ ብሎ ተተረተረ። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማለሁ፤
እሱ አይሰማውም ነበር። እኔ ቆሜ እቆጥራለሁ፦
አምስት ለአንዱ። አምስት ለአንዱ። አራት ለእናታቸው።
ቀሪ የለም።

ሩቅያ ከልብሷ ሥር ወሽቃው ወደ ዝናቡ ሮጠች።
«አባዬ፣ አንተስ?» ብዬ ጮህኩበት፤ እንዲሰማኝ፣ ደግሞም ከንዴት።
«እኔ ገና አልሞትኩም» አለ፤ «እነሱ ግን ተወልደዋል።»
ይህንንም በሹክሹክታ መስሎት።

የካቲት ላይ ሞተ።
ገላውን ሲያጥቡ አየሁ፤ ማተቡ ላይ መስቀል ብቻ ቀርቷል፣
ቁልፉ የነበረበት ቦታ ደረቱ ላይ ትንሽ ነጥቷል።
ሳጥኑን ሳብኩ፤ አልተቆለፈም፤ ጋዜጣውና የደረቀ ጤና አዳም፣
ሌላ የለም፤ አንድ ክንድ እንኳ፣ አንድ ስንዝርም።
ገበያ ወርጄ ገዛሁ፤ ስስ ነው፤ የእሱ ፋብሪካ አይደለም፣
በመቀስ ስቆርጠው እንኳ ጫፉ ቀጥ አላለም።

መንቶቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ክረምቱ ሲወጣ እናታቸው
አንዱን አዝላ አንዱን አቅፋ ሄደች። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸው።
የኔ ቁም ሳጥን ዛሬም በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤
አንዱን ትናንት ፈታሁት፤ ሁለተኛው ገና ያንገራግራል።

የቤቱን ደብተር ግን ዘረጋሁ፤ ያን ሌሊት ሳልሞላው የቀረ፣
«ወጪ፦ አሥራ አራት ክንድ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ «ተረካቢ» ላይ ሲደርስ ተቸገረ።
ስም የለኝም። ፊርማ የለም።
እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤
ሁለት ጣት ሣልኩበት።